ጥሬ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው ሥራዬ አሁን።
"ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህ ይታይ" እያልኩ
ለቪዛ፣ ለሥራ፣ ስንቱን ሰው ቆረጥኩ!
ባሕር የተሻገረን ሰው ከደረቱ በላይ
ለጥፌ አስቀራለሁ ነጭ ወረቀት ላይ።

ዓርብ ግን የኔ ናት። ከሱብሒ በኋላ ካሜራዬን አንግቼ
ወደ ኾሩ እወርዳለሁ፣ የክፍሌን ሰው ተኝቶ ትቼ፤
ፍሪጅና ፍራሽ፣ ጎማና ድንች ጭነው
ጀልባዎች ለቦሳሶ ወደሚነሡበት፣
ናፍጣና ጨው ባንድ ላይ ወደሚሸቱበት።

ኩንጁሞን፣ ባለ ሱቁ፣ የኬረላው ሰው፣
ሠላሳ ዓመት በጨለማ ክፍል ፊልም ሲያጥብ የኖረው፣
"በጥሬው አንሺ" አለኝ። "ጄፔግ ለመላክ ነው፤
ለማኖር አይሆንም።"
እሱ በሩዝ መሰለልኝ፤ እኔ ወደ አገሬ እህል መለስኩት፦
ጥሬ ይዘራል፣ ቆሎ ይጣፍጣል፤
ቆሎ ግን የትም ብትበትኚው አይበቅልም።

አልሰማሁትም። ያኔ አንድ ሰማይ ነበረኝ፣
ከሐምራዊ ወደ ብርቱካን ሲሻገር የያዝኩት፤
ከፍቼ አስተካከልኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፍቼ ደግሞ ነካካሁት።
ጄፔግ እንደ ሐዋላ ቤት ነው፣ ባለፈ ቁጥር ይቆርጣል፣
ሳንቲም ሳንቲም ስለሆነ ማን ልብ ይለዋል?
በስድስተኛው ዙር ሰማዬ ጡብ በጡብ ሆኖ አረፈው፣
ኤጀንሲው ባንድ መስመር "ጥራት ይጎድለዋል" ብሎ መለሰው።

ቲፍስ? ቲፍ ምንም አይጥልም፣ ታማኝ ነው፣ ግን ጓዙ!
ስድስት ሴቶች ባንድ ክፍል፣ አልጋ ባልጋ ላይ ለምንኖር
እሱ እንደ አማች ነው፤ ሲመጣ ሦስት አልጋ ይዞ ነው የሚያድር።
ስለዚህ ጥሬውን አኖራለሁ፤ አንዱ ዲስክ ከፍራሼ ሥር፣
ቅጂው አጅማን፣ ኸይሪያ ዘንድ።
ቪዛ ይሰረዛል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፤
ማን ያውቃል ከዛሬ ማዶ ያለውን ነገር።

ጉል ሐሰንን ያነሳሁት በዚህ ሥርዓት ነው።
ፍሪጅ በጀርባው፣ ገመዱ በግንባሩ፣
ፀሐይ ከላቡ ላይ ስትወጣ፣ ከባሕሩ ቀድማ።
ማታ፣ ጥላውን ከጥሬው ውስጥ ቀስ እያልኩ ሳቀና
ያላየሁት አንድ ዓይን ከጨለማው ወጣና
አየኝ።

ኤጀንሲው ግን ፊት ካለ ፊርማ ይላል።
ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። "ፊቴን ማን ይገዛል?"
"እኔ እንጃ። ለባንክ ይሆናል።
ለወገብ ሕመም መድኃኒት ይሆናል።"
ሳቀ። "የባንኩን ተዪው፤ መድኃኒቱን ላኪልኝ" አለ፣
ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፣
ገመዱን ግንባሩ ላይ እንደገና ጣለ።

እስኪያልፍ ጠብቄ ባዶውን ወደብ አነሳሁ።
የካርቶኑን ዓርማ ፋቅሁ፣ ጥግ ላይ የቀረውን ጥላውንም ፋቅሁ፣
ከመፈለጊያ ቃላቱ ውስጥ "ጀልባ፣ ንጋት፣ ንግድ" ብዬ ጻፍኩ፣
መጨረሻው ላይ፣ ደንቡ ነውና፣ "ሰው የለበትም" ብዬ ጨመርኩ።
እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ።

ሁለት ጊዜ ተሸጠ።
ሱቁ ውስጥ ሥራ ስፈታ ያነሳሁት
ነጭ ሽንኩርት ግን፣ ነጭ ወረቀት ላይ፣
አርባ አንድ ጊዜ! ጥሬ ገንዘብ ሆነ።
የጉል ሐሰን ጥሬ እዚያው ነው፣ ከፍራሼ ሥር፣
ምንም ሳይቀነስለት፣ ከነላቡ።

ትናንት መጣ፤ ቪዛው ሊታደስ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ።
"ቀና በል፣ አትሳቅ" አልኩት።
ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ ነጭ አደረግሁ፣
ጨመቅሁት፣ ደግሜ ጨመቅሁት፣
መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በላይ አይቀበልምና።
ፊቱ ጥፍር አክሎ ቀረ።
ሂሳቡን ከፍሎ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና
"መድኃኒቱስ?" አለኝ።
"ገና ነው" አልኩት።
"አልሸጥኩህም።"